ቀይ ዞን ውስጥ ገደሉኝ፣ ዘረፉኝ፣ ሰደቡኝ፤ ነውሩ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አልቢዮን ኦንላይን በስልኬ እጫወታለሁ። ባለፈው ቀይ ዞን ውስጥ ማዕድን ስቆፍር አምስት ሆነው መጥተው ገደሉኝ። የሳምንት ልፋቴን ይዘው ሄዱ። ይህ አልበቃ ብሎ አንደኛው በቻት በእናቴ ሰደበኝ። ከዚያም በቴሌግራም ፈልጎ አገኘኝና እዚያም ስድቡን ቀጠለ። የአጎቴ ልጅ ‹የጨዋታው ሕግ ነው፣ አታልቅስ› ይለኛል። አሁን እሱ ያለበት ጊልድ፣ ማለትም የተጫዋቾች ቡድን፣ ሊቀበለኝ ነው። ሥራቸው ግን እኔ ላይ የተደረገውን ሌሎች ላይ ማድረግ ነው። ይሄ ነገር ፍትሐዊ ነው? በጨዋታ ውስጥስ ነውር የሚባል ነገር አለ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ የአጎትህ ልጅ ግማሹን ልክ ነው። መገደልህ የጨዋታው ሕግ ነው። ዕቃህ መወሰዱም እንደዚያው። ስድቡና የቴሌግራሙ ነገር ግን ከሕጉ ውጪ ነው፤ ከጨዋታውም ውጪ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «አታልቅስ» ማለቱ ላይ ነው የሳተው።

ለዓመታት የጊልድ ኃላፊ ነበርኩ። በኋላ ደግሞ አንድ የሮልፕሌይ (ገጸ ባሕሪ ሆኖ የመጫወት) ሰርቨር ላይ የተጫዋቾችን አቤቱታ የምሰማ አድሚን ሆንኩ። የሚቀርቡልኝ ክሶች አብዛኞቹ ያንተን ይመስላሉ። ተከሳሹ «ሕጉ ይፈቅዳል» ይላል። ከሳሹ «ግፍ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ ስለ ግድያው ያወራል። ሌላው ከግድያው በኋላ ስለሆነው።

እስቲ ከግድያው እንጀምር። አልቢዮን ዓለሙን በቀለም ከፋፍሎታል። ሰማያዊው ላይ ማንም አይነካህም። ቢጫው ላይ ቢያሸንፉህ ትወድቃለህ እንጂ ዕቃህን አትነጠቅም። ቀዩና ጥቁሩ ላይ ግን ስትሞት የያዝከው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከፊሉ ይወድማል፣ የተረፈውን ገዳይህ ይወስደዋል። ጨዋታው ይህን አይደብቅም። ስትሻገር ያስጠነቅቅሃል። ቀይ ዞን ውስጥ ስንት ጠበኛ ተጫዋች እንዳለ ስክሪንህ ላይ ቁጥሩን ያሳይሃል። እዚያ ሰላማዊ ሰው ያጠቃ ደግሞ ሬፑቴሽኑ፣ የስሙ ነጥብ፣ ይወርድበታል። እነዚህ ሁሉ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። አንተና አምስቱ ሰዎች ገና ሳትተያዩ የገባችሁት ውል ናቸው።

ስለዚህ «ፍትሐዊ ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከውጊያው በፊት ፈልገው። የት እንደምትገባ ታውቅ ነበር? ምን ልታጣ እንደምትችል ታውቅ ነበር? ብትፈልግ ሳትገባ መቅረት ትችል ነበር? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ሞትህ ያናድዳል እንጂ ግፍ አይባልም። ቀይ ዞን መግባት ለመሞት መስማማት ነው። ለመዋረድ ግን አልተስማማህም። ከዚህ በታች የምልህ ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚወጣ ነው።

አምስት ለአንድ መሆኑስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሟገተኛል። እኔ ክፍት ዓለም ላይ የሚደረግን ውጊያ ከዱኤል ለይቼ ነው የማየው። ዱኤል ሁለት ሰዎች ተስማምተው፣ ጤናቸው ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ጣልቃ ሳይገባ የሚገጥሙት ነው። መድኃኒት ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለው እንኳ አስቀድሞ ይነገራል። እዚያ ላይ ጓደኛህ ከጎን ሆኖ በድብቅ ቢፈውስህ አጭበርብረሃል። ክፍት ዓለም ላይ ግን ሰው ማሰባሰብ፣ አድብቶ መጠበቅ፣ ሰዓት መምረጥና ማምለጥ ራሱ ችሎታ ነው። አንተም መከላከያ ነበረህ። ቁጥሩን እያየህ መውጣት፣ ፈጣን ፈረስ መያዝ፣ ቦርሳህ ሳይሞላ ቶሎ ቶሎ ከተማ ማራገፍ ትችል ነበር። ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የጠፈር መርከብ ጨዋታ ተጫዋቾች ለጀማሪ ሁሉ የሚነግሩት ምክር አለ፤ ብታጣው የማትቋቋመውን መርከብ ይዘህ አትብረር። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳይደርስብህ ነው።

እነዚያ አምስቱ ግን የአንድ ማዕድን ቆፋሪ ሞት ኪልቦርድ (ማን ማንን እንደገደለ የሚያሳየው ዝርዝር) ላይ ስለወጣ ጀግና ነን ብለው ቢፎክሩ ማንም አያከብራቸውም። የተፈቀደ ነገር ሁሉ አያስኮራም።

እኩል ለእኩል መግጠም ከሆነ ያማረህ ቦታው ሌላ ነው። ጊልድ ዋርስ 2 በ2012 ከወጣ ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ወደ ውድድር ሜዳው የገባ ሁሉ 80ኛ ሌቭል ይሆናል፤ የትጥቁ አቅምም ይስተካከላል። ትናንት የጀመረና አሥር ዓመት የቆየ ሰው የሚለያዩት በእጃቸው ብቻ ነው። ሰው ክፍት ዓለም ውስጥ ገብቶ ይህን እኩልነት ሲፈልግ ነው የሚጎዳው። ዋጋው ይለያያል። እዚያ ሜዳ ላይ ብትሸነፍ የምታጣው ነገር የለም፤ ስለዚህ ልብህም እንደ ቀይ ዞኑ አይመታም።

ይህ ክርክር በኛ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስልህ። አልቲማ ኦንላይን በ1997 ሲከፈት ከከተማ ጥበቃ ውጪ ማንም ማንንም መግደል ይችል ነበር። ገና በሙከራ ላይ እያለ የጨዋታው አባት ሪቻርድ ጋሪዮት በንጉሡ በሎርድ ብሪቲሽ አካል ሕዝብ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ተጫዋች በእሳት አስማት ገደለው። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። ከንጉሡ ሞት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የተራው ሰው ኑሮ ነው። አዲስ ገቢ እንጨት ልቁረጥ ብሎ ከከተማ ሲወጣ ይገደላል። ተነስቶ ሲመለስ እንደገና ይገደላል። ኩባንያው ብዙ ሞከረ። የገዳዩን ስም ቀይ አድርጎ አሳየ፤ ቅጣት ጨመረ። አልበቃም። በ2000 ዓለሙን ራሱን ለሁለት ከፈለው። ፌሉካ እንደ ድሮው ቀረ። ትራሜል ላይ ደግሞ ሳይስማማ ማንም እንዳይገደል ሆነ። ብዙው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ትራሜል ገባ። ፌሉካ የቀሩት አዳኞች የሚያድኑት ሰው አነሳቸው።

የሰላም ወዳዱ ወገን ይህን ታሪክ ጠቅሶ «አያችሁ፣ ሰው ግድያ አይፈልግም» ይላል። ቸኩሏል። ሩንስኬፕ በሚባለው ጨዋታ ላይ የሆነውን ተመልከት። ዋይልደርነስ የሚባለው ምድረ በዳው ላይ ያለው አሠራር እኔ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ዳር ላይ ሳለህ ሊነካህ የሚችለው የሌቭል እኩያህ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ በዘለቅክ ቁጥር የሚፈቀደው የአቅም ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ምን ያህል አደጋ እንደምትወስድ በእግርህ ትለካዋለህ። ማንንም ሳትተነኩስ ብትሞት ከዕቃህ ውድ የሆኑት ሦስቱ ይተርፉልሃል። ቀድመህ የመታኸው አንተ ከሆንክ ግን አናትህ ላይ የራስ ቅል ይወጣብህና ያ መብት ይነሳሃል። የጀመረ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ሕግ ማለት እንዲህ ነው።

በ2007 መጨረሻ የሩንስኬፕ ሠሪ ጃጌክስ ይህን ነጻ ውጊያ አነሳው። ምክንያቱ በእውነተኛ ገንዘብ የሚካሄደውን የዕቃ ንግድ ማስቆም ነበር። ተጫዋቹ ሰላም አገኘሁ ብሎ ተደሰተ? በጭራሽ። ጨዋታው ውስጥ ሰልፍ ተወጣ፤ ብዙ ሰው ጥሎ ሄደ። በ2011 ኩባንያው ተጫዋቹን ድምፅ አሰጥቶ ዋይልደርነስን መለሰ። ትራሜልንና ዋይልደርነስን አንድ ላይ ስታያቸው ነገሩ ይገለጥልሃል። ሰው አደጋውን አይጠላም፤ እንዲያውም ይናፍቀዋል። የሚጠላው ሳይመርጥ መታደንን ነው።

እኛም ዘንድ ይህ የታወቀ ነገር ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። ሩሯን ሲያሯሩጡ ዱላው የማንን ቅልጥም እንዳገኘ አይጠየቅም። ባላባትም ቢሆን ሜዳ ከገባ የመጣውን ይችላል። በግጥም መሸነቋቆጥም አለ፤ ያሸነፈው ወገን በተሸናፊው ላይ ይዘፍናል፣ ያሾፋል። ግን ልብ በል፤ ጌታው የማይቆጣው ሜዳ ስለገባ ነው። በመንገድ የሚያልፍን ሽማግሌ በገና ዱላ መምታት ጨዋታ ተብሎ አያውቅም። ዘፈኑም እዚያው ሜዳ ላይ ያልቃል እንጂ በማግስቱ ሰው ቤት ድረስ ተከትሎ አይሄድም።

ስለዚህ ማሾፍ ሁሉ ነውር ነው አልልህም። «ቀስትህን አፈር ላይ ነው እንዴ የምትሰድደው?» መባል የጨዋታው ቅመም ነው። የሚያሾፍብህ በአጨዋወትህ ነው፤ አጨዋወትህን ደግሞ ማሻሻል ትችላለህ። እናትህ፣ ብሔርህ፣ ሃይማኖትህ፣ ድህነትህ ግን ሜዳው ላይ አልነበሩም። በተለይ እኛ ሐበሾች በውጭ ሰርቨር ላይ ተገናኝተን በአማርኛ ስንጽፍ ሌላው ስለማይገባው ልቅ እንሆናለን። አድሚኑ አያነብም ብሎ ዘር ጠርቶ መሳደብ አይቻለሁ። አንድ ግጥሚያ ስለተሸነፉ ዓመታት የቆየ ጓደኝነት ያፈረሱ ልጆች አውቃለሁ። ይህ ያበሳጨኛል፣ አልደብቅህም።

ከባዱ ጉዳይ ሕጉ ፈቅዶ ነውር ሲሆን ነው። የ2006ቱን የዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ታሪክ ምናልባት ሰምተህ ይሆናል። ኢሊዳን በሚባለው የፒቪፒ (ተጫዋች ተጫዋችን የሚዋጋበት) ሰርቨር ላይ አንዲት ተጫዋች በእውነተኛው ዓለም ሞተች። ጓደኞቿ በጨዋታው ውስጥ ለቅሶ ሊደርሱ ዊንተርስፕሪንግ የሚባለው በረዷማ አገር ተሰበሰቡ። ቀኑና ቦታው በይፋ ተነግሮ ነበር። ተሰልፈው ሳለ ሴሬኒቲ ናው የተባለ የጠላት ወገን ጊልድ ድንገት ወረረና ሁሉንም ገደላቸው። ቪዲዮውንም ሠርቶ በተነው።

እስከ ዛሬ ሰው በዚህ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «የፒቪፒ ሰርቨር መርጠው፣ ሁለቱም ወገን የሚዋጋበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ሰዓቱን ለጠላት ነግረው ምን ጠበቁ?» ይላል። ይህ መከራከሪያ ባዶ አይደለም። ሕግ አልተጣሰም። እኔ ዳኛ ብሆን በዚያ ምክንያት ማንንም አላግድም ነበር። ነገር ግን ያን ሰዓት እዚያ የቆሙት ሊጫወቱ አልመጡም። ብዙዎቹ መሣሪያ እንኳ አልያዙም። ገዳዮቹ ይህን በደንብ ያውቁ ነበር፤ የመጡትም ስለሚያውቁ ነው። ደስታው የተገኘው ከውጊያው ሳይሆን ከሐዘኑ ነው። እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚህ ጋ ነው። ከግጥሚያው የምታገኘው እርካታ የሌላው ሰው እውነተኛ ስቃይ ብቻ ከሆነ ከጨዋታው ወጥተሃል፤ ሕጉ ባይነካህም።

ኢቭ ኦንላይን ይህን መስመር በግልጽ ለማስመር ተገድዷል። ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ የአይስላንዱ ሲሲፒ የሠራው የጠፈር ጨዋታ ነው። ማታለል፣ ሰርጎ መግባት፣ የማኅበርን ካዝና ገልብጦ መጥፋት ይፈቀዳል። ጥበቃ ባለበት ቀጠና እንኳ ፖሊሱ ኮንኮርድ አጥቂህን ይቀጣልሃል እንጂ አያስጥልህም። እንዲህ የከረረ ጨዋታ ሁለት ነገር ላይ ግን አይደራደርም። አንደኛው፣ ጀማሪዎች የሚነሱባቸው የጠፈር ክልሎች ውስጥ ጀማሪን ማዋከብ ክልክል ነው። ሁለተኛው በ2014 የመጣ ነው። አንድ የተታለለ ተጫዋች ንብረቱ ይመለስልሃል ተብሎ ከጨዋታው ውጪ ባለ የድምፅ መስመር ላይ ለረጅም ጊዜ ተያዘ። አዘፈኑት፣ አስነበቡት፣ ተሳለቁበት፤ በመጨረሻ ሰውየው ፈነዳ። ቅጂው ሲወጣ ከባድ ክርክር ተነሳ። ኩባንያው «ከጨዋታው ውጪ ስለሆነ አይመለከተኝም» አላለም። እንዲህ ያለ ማዋከብ የትም ይሁን የት እንደሚያስቀጣ አሳወቀ፤ ዋናው አድራጊም ታገደ። ያንተ የቴሌግራም ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። መርከቡን ማጭበርበር ጨዋታ ነበር። ሰውየውን ይዞ ማሰቃየት አልነበረም።

እዚያው ኢቭ ውስጥ ደስ የሚል ልማድም አለ። ውጊያ ሲያልቅ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ቻት ላይ «ጂኤፍ» ብሎ ይጽፋል። ጥሩ ውጊያ ነበር ማለት ነው። ተሸናፊው የወራት ሀብት ተቃጥሎበት ሊሆን ይችላል፤ ግን ይጽፋል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ «መርከብህን እንዴት ነው ያስታጠቅከው?» እያሉ ይጨዋወታሉ። አንዳንዱ ገዳይ ለጀማሪ ካሳ ልኮ ምን እንዳጠፋ ያስረዳዋል። ምንም የሚያስገድደው ሕግ የለም።

ሮልፕሌይ ሰርቨር ላይ ነገሩ የበለጠ ይጠብቃል። እዚያ ሰው የሚመጣው ታሪክ ሊኖር ነው። ጂቲኤ የሚባለውን ጨዋታ በፋይቭኤም ፕሮግራም የሚያጫውቱ ሰርቨሮችን ብታይ ሕጎቻቸው ይመሳሰላሉ። ያለ ምንም ምክንያት ድንገት ሰው መግደል አርዲኤም ይባላል፤ ክልክል ነው። በመኪና መዳጥም እንደዚያው። ገጸ ባሕሪህ የማያውቀውን ነገር አንተ ከዲስኮርድ (የተጫዋቾች መወያያ) ወይም ከሰው ቀጥታ ስርጭት አይተህ ብትጠቀምበት ሜታጌሚንግ ነው። መሣሪያ ከተደገነብህ መፍራት አለብህ፤ ለሕይወትህ የማትሰጋ ይመስል እየሳቅክ መሮጥ ጨዋታውን ያበላሻል። ሞተህ ከተነሳህ ደግሞ ማን እንደገደለህ ረስተሃል፤ ለበቀል ተመልሰህ አትመጣም።

አቤቱታ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከመተኮሳችሁ በፊት ምን ተባባላችሁ?» ብዬ ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ጉዳዩ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። ሮልፕሌይ ላይ ግድያ የጠብ መጨረሻ ነው፤ ጠቡ ራሱ መኖር አለበት። ዛቻ፣ ድርድር፣ ክህደት፣ የተከፈለ ወይም ያልተከፈለ ዕዳ። ተሸናፊው እንኳ በኋላ ለጓደኞቹ የሚያወራው ነገር ይዞ መሄድ አለበት።

በጽሑፍ የሚደረገው ሮልፕሌይ ላይ ይህ ጨዋነት ይበልጥ ይታያል። እዚያ «አንገቱን ቆርጬ ጣልኩት» ብለህ አትጽፍም። «ሰይፌን ወደ አንገቱ ሰነዘርኩ» ብለህ ታቆማለህ። አገኘው ወይስ ሳተው የሚለውን የሚጽፈው ሌላው ሰው ነው። እሱም በበኩሉ ሁሌ «ሳተኝ» ብሎ አይጽፍም። አንዳንዴ መቁሰል፣ አንዳንዴ መሸነፍ አለበት። ሁለቱም ይህን ካከበሩ ዳኛ አያስፈልግም። አንዱ ካላከበረ ምንም ዳኛ አያድነውም።

አንድ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር ላንሳ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ሰው ፒንጉ፣ ማለትም መልእክቱ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። ጀርመን ያለው ልጅ ምትህን አይቶ ሲሸሽ አንተ ስክሪን ላይ ገና ቆሞ ነው የሚታየው። ይባስ ብሎ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። በውጊያ መሐል መጥፋት ደግሞ በየትኛውም ጨዋታ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ሊሸነፍ ሲል ሆን ብሎ የሚያጠፋ ስላለ። ኢቭ ለዚህ ብሎ ነው ከሌላ ተጫዋች ጋር ውጊያ የገጠመ ሰው ግንኙነቱ ቢቋረጥም መርከቡን ለ15 ደቂቃ ጠፈር ላይ የሚያቆየው። ሥርዓቱ መብራት ሄዶብህ ይሁን ፈርተህ አይጠይቅም። ያ ጨካኝ ቢመስልም ትክክል ነው፤ ማሽን የሰው ልብ አያነብም። ሰው ግን መጠየቅ ይችላል። ዱኤል ላይ ያለ ባላጋራህ ድንገት ደርቆ ከቆመ መምታትህን አቁም፤ ጠብቀው። ጓደኛህ ከጠፋ «ፈሪ» ከማለትህ በፊት ሰፈሩ መብራት እንዳለ ጠይቅ። አንተም ኔትወርክህ የሚዋዥቅ ከሆነ ለጊልድህ አስቀድመህ ንገራቸው። ሰው የሚተማመንብህ ቦታ ላይ አትቁም፤ ለምሳሌ ፈዋሽ ሆነህ አትግባ።

እስቲ አሁን ወደ ጊልዱ። መጋደል የሚወድ ተጫዋች ክፉ ሰው ነው ብዬ አላምንም። በ1978 በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን መድ (ብዙ ሰው በጽሑፍ የሚጫወተው ዓለም) ከሮይ ትሩብሾ ጋር የሠራው ሪቻርድ ባርትል በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸው ነበር፦ ስኬት ፈላጊ፣ አሳሽ፣ ከሰው ጋር መጨዋወት ወዳድና ገዳይ። ገዳዩንም የዓለሙ አንድ አካል አድርጎ ነው ያየው። ችግሩ ሚዛን ነው፤ ገዳይ ሲበዛ ሌላው ይሸሻል። ማዕድን ቆፋሪው አደጋውን ተቋቁሞ የሚያመጣው ዕቃ ዋጋ የሚኖረው እንደነዚያ አምስቱ ዓይነት ሰዎች ስላሉ ነው። ቆፋሪው ከጠፋ ግን እነሱም የሚዘርፉት የላቸውም። ስለዚህ ብትገባ ሐፍረት የለበትም። የምትገባበትን ቤት ግን እወቅ።

መሪውን ቀጥታ ጠይቀው። አንድን ሰው ደጋግማችሁ ታሳድዳላችሁ? እኔ በግሌ የምከተለው እንዲህ ነው፤ አንዴ መግደል አደን ነው፣ ልዋጋ ብሎ ተመልሶ ከመጣም ልክ ነው። ሊሠራ ብቻ የመጣን ያንኑ ሰው ከዞን ዞን እየተከተሉ መግደል ግን ማዋከብ ነው። ጀማሪ ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ርካሽ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳው ባዶ የሆነ ልጅ መግደል ለእናንተ ምንም አይጠቅምም፤ እሱን ግን ከጨዋታው ሊያስወጣው ይችላል። ባግ፣ ማለትም የጨዋታው ፕሮግራም ስሕተት፣ ስታገኙስ? በ2006 ሩንስኬፕ ላይ በአንድ ስሕተት ምክንያት አንድ ተጫዋች ውጊያ በሌለበት በፋላዶር ከተማ ሰዎችን እየገደለ ዘርፏል። እነዚያ ሰዎች ሰላማዊ ከተማ መሐል ነበሩ፤ ሊያውቁት የሚችሉት ምንም ነገር አልነበረም። ታግዷል፣ ይገባውም ነበር። «ጨዋታው ከፈቀደልኝ ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው» የሚል መሪ ካገኘህ እዚያ አትግባ። ውሉን የሚያፈርስ ሰው ነገ አንተንም ይዘርፍሃል።

ኃይለኛ ጊልድ ልክ ሲያጣ ምን እንደሚመጣ ከፈለግህ የኮሪያውን የባርትዝ ሰርቨር ታሪክ አንብብ። በ2004 ሊኔጅ 2 ላይ ነው። ዲኬ የሚባል ኅብረት ሰርቨሩን ጨብጦ የማደኛ ቦታውን ለራሱ ከለለ፤ ግብር ከፍ አደረገ። መጨረሻ ላይ ገና ጀማሪ የሆኑ ተጫዋቾች ከሌላ ሰርቨር ሳይቀር እየመጡ፣ ትጥቅ ስለሌላቸው «የውስጥ ልብስ ጦር» እየተባሉ፣ በብዛታቸው ብቻ ዘመቱበት። ያ ጦርነት ለዓመታት ቀጠለ። ኮሪያ ውስጥ እስከ አሁን እንደ ትልቅ ታሪክ ይነገራል።

የቴሌግራሙን ሰው በተመለከተ አትመልስለት። አንድ ቃል ብትጽፍ የሚፈልገውን ሰጠኸው ማለት ነው። የጻፈውን ሁሉ ስክሪንሾት አንሳ፤ ስሙና ሰዓቱ ይታይ። ከዚያ ብሎክ አድርገው። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርህ ለማን እንደሚታይና በቁጥርህ ማን ሊያገኝህ እንደሚችል ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዝጋ። የጨዋታ ስምህና የቴሌግራም ስምህ አንድ ከሆኑ አንዱን ቀይር፤ ምናልባት ያገኘህ በዚያ ነው። በጨዋታው ውስጥ የተጻፈውን ስድብ ለኩባንያው ሪፖርት አድርግ። አማርኛውን ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳቸው፤ ካልገባቸው ያልፉታል። የሰውየውን ጊልድ ስም ካወቅክ ለመሪያቸው ስክሪንሾቱን በጨዋነት ላክለት። «ገድላችሁኛል፣ ያ ልክ ነው፤ ይህ ግን ከናንተ አባል የመጣ ነው» በለው። ስማቸውን የሚጠብቁ መሪዎች አሉ፤ እንዲህ ዓይነቱን አባል ያስወጣሉ። ከአምስቱ አንዱ የአጎትህ ልጅ ጊልድ አባል ሆኖ ከተገኘና መሪው ነግረኸው ከሳቀ ግብዣውን አትቀበል። አልቢዮን ላይ ማዕድን ቆፋሪዎችን አጅበው ቀይና ጥቁር ዞን የሚያስገቡ፣ ሲሞቱባቸው ዕቃ የሚተኩ ጊልዶች በየቀኑ ቻት ላይ ሰው ይፈልጋሉ።